የ«ታጋሿ» የመጨረሻ ገጽ

ሐረር፣ ማክሰኞ ጠዋት

ውድ ወንድሜ ኒቆዲሞስ፣

በጥድፊያ ነው የምጽፍልህ፤ ጽሕፈቴን እንደምንም አንብበው። ሾፌሩ አንዋር አይሱዙውን ፈረስ መጋላ አቁሞ እየጠበቀኝ ነው። ወደ ጅቡቲ ይነሳል፤ ከዚያ ደብዳቤውን አንተ እስካለህበት ኦቦክ ድረስ የሚያደርስልኝ ሰው አለው። «ወላሂ፣ ጀልባው ሐሙስ ሳይነሳ እጁ ይገባል» ብሎኛል። ስልክህን ሸጠህ ባትሄድ ኖሮ ደውዬ እጮህብህ ነበር እንጂ አልጽፍልህም።

ትናንት በሰው ስልክ ደውለህ ምን አልከኝ? «አትፍሪ እቴ፣ ታጋሿ እንኳ በተበላ እንጨት አገሯ ገብታ የለ? እኔም የመን እገባለሁ።» ብለህ ሳቅክ። በር ላይ ቁጭ አልኩ።

አባባ ፈረንሳይኛ ሲያስተምሩ ያመጧትን፣ በካላንደር ወረቀት የለበዷትን የጦር መርከቧን መጽሐፍ ታስታውሳለህ። እማዬ በሞተችበት ክረምት አንተ ሰባት ዓመትህ፣ እኔ አሥራ አምስት፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እየተረጎምኩ አነብልህ ነበር። የፈረንሳይኛ ስሟ ቢያስቸግርህ «ታጋሿ» አልናት። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ብሬስት ላይ ተሠርታ፣ ስድሳ አራት መድፍ ይዛ ባሕር ስትገባ አጨበጨብክ። እንግሊዞች ማርከው ስሟን ሲቀይሩት ምሳዬን አልበላም አልክ። ፈረንሳዮች መልሰው የማረኳት ቀንማ ግቢውን እየዞርክ ስትጮህ ወይዘሮ ሰገነት «ምን ነካው ይሄ ልጅ?» ብለው በአጥር ብቅ አሉ።

በመጨረሻው እሁድ ገጹን ቀድሜህ በዓይኔ ጨረስኩት። አንተ ደግሞ «እማዬ አልተመለሰችም፤ ታጋሿስ ትመለሳለች አይደል?» አልከኝ። ምን ልበልህ? «ተመልሳለች፤ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላት» አልኩህ። ፈረንሳዮች እልልታ የት ያውቃሉ! አምነኸኝ ልትጫወት ወጣህ። አባባ በር ላይ ቆመው ሰምተው ነበር፤ ዝም አሉኝ።

ኒቆ፣ አልተመለሰችም።

ስታረጅ መድፎቿን አውርደው ወታደር ማመላለሻ አደረጓት። እንጨቷን ትል በልቶት ነበር። አናጢው ውሃ ታስገባለች ብሎ ለመነ፤ አዛዡ «አንድ ጉዞ ብቻ» አለ። ከልኳ በላይ ሰው ጫኑባት። ማዕበል እንኳ አልነበረም። የብሱ በዓይን እየታየ፣ አራት መቶ ሰው ይዛ ሰጠመች።

አንተ ባሕር አይተህ አታውቅም። የምታውቀው ውሃ ሐረማያ ነው፤ እሱም ልጅ ሳለህ ደርቆ ነበር። ዋና አትችልም። ደላላው ስንት ሰው እንደሚጭን ጠይቀኸዋል? ያቺ ጀልባስ ውሃ ታስገባለች የሚል አናጢ አላት? ፈራሁ፣ ኒቆ። በጣም ነው የፈራሁት። እዚያ ጀልባ ላይ የሚያሳፍርህ የኔ ውሸት መስሎ ይታየኛል።

ለአባባ «ድሬዳዋ ሥራ አግኝቶ ነው» ብያቸው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን እውነቱን ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን ፈለጉ፤ መጽሐፏንም ከመደርደሪያ አወረዱ። የገጽ ጥግ አጠፋችሁ ብለው የቆነጠጡን አባባ የመጨረሻውን ገጽ በገዛ እጃቸው ገነጠሉት። «ያኔ ላርማችሁ ሲገባኝ ዝም አልኩ። ፈረንሳይኛው ይበቃዋል፤ ራሱ ያንብበው» አሉኝ።

ገጹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፎልሃል። ጀልባዋ ላይ ሳትወጣ አንብበው። ሌላ የምልህ የለኝም፤ አንዋርም ጥሩምባውን እየነፋ ነው። አባባ መጽሐፏን ወደ መደርደሪያው አልመለሷትም፤ ጠረጴዛው ላይ ከፍተው፣ ማጣበቂያ አጠገቧ አስቀምጠው ቁጭ ብለዋል። ገጹን በሰው እንዳትልክ። ራስህ ይዘህላቸው ና።

አንድ ጊዜ የዋሸችህ እህትህ፣
ፍሬሕይወት