ኮድ ቁጥር አንድን ማን ነካው?

የለም፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ ሰኞ ስብሰባው ላይ የአላርሙ መዝገብ ሲነሳ ጠረጴዛ እየደበደቡ «ማሽኑ ዋሽቷል» ያሉት ነገር እንኳን ለእርስዎ ለማንም አያምርም። የሚዋሽ የሚፈራው ነገር ያለው ነው፤ ሳጥኑ ማንንም አይፈራም።

ይቅርታ፣ ከሰላምታ በፊት ሥራ ገባሁ። ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ መልከጼዴቅ፣ እዚህ ጁባ ላለው የነጋዴዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር። ጤናዎ እንዴት ነው? ስኳሩ ወረደልዎ? ከእሑድ ወዲህስ እንቅልፍ ይወስድዎታል? እኔን አልወሰደኝም። ይቺን ደብዳቤ ስጽፍ ስድስቴ ተነስቼ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።

እኔ ቢራራ ነኝ፤ አማራት ሰፈር ያለውን የማኅበሩን ቢሮና መጋዘን አላርም የገጠምኩት። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ አልደብቅም፤ ግን ቶንፒንግ ሰፈር ውስጥ አርባ አንድ ግቢ በእኔ እጅ ይጠበቃል። ጁባ ውስጥ ሽቦ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ አንደኛው እኔ ነኝ፣ ሁለተኛው ገና አልመጣም። ስለዚህ ማሽኑ ምን እንደሆነ በትልቅ አክብሮት ላስረዳዎት። በሩ ላይ ማግኔት አለ፤ በሩ ሲከፈት ሳጥኑ ያውቃል። ጥግ ላይ ያለችው ነጭ ሴንሰር ሰው ሲንቀሳቀስ ታያለች። ሳጥኑ ያስቀመጥኩለትን ሰላሳ ሰከንድ ይታገሳል፤ በዚያ ውስጥ ቁጥር መምቻው ኪፓድ ላይ ኮድ ካልተመታ ሳይረኑን ይለቀዋል። መብራት ቢጠፋ የራሱ ባትሪ አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የትኛው ኮድ በስንት ሰዓት እንዳጠፋውና እንዳበራው ይመዘግባል። ለሰባት የኮሚቴ ሰው ሰባት ኮድ ሰጥቻለሁ። ቁጥር አንድ የእርስዎ ነው፤ ለክብርዎ ብዬ።

አሁን ቅሬታዬን በቁጥር ላድርገው፤ የተማረ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው ሲሉ ሰምቻለሁ።

1ኛ. ሰላምታዎ። በሩን በአንድ እጅ ከፍተው ይዘው፣ ዘበኛውን ጋሽ አየለን «እንዴት አደርክ፣ ጉልበትህስ፣ ቤተሰብስ» ብለው፣ ጎረቤታችንን ዓፊፋን «ሰላም ታኪ» ብለው፣ ላለፈው ሁሉ እጅ ነስተው ኪፓዱ ጋ ሲደርሱ ሳይረኑ ሰፈሩን አንቀጥቅጦታል። ሰላሳውን ሰከንድ ሁለት ደቂቃ አስደረጉኝ። አልበቃም። እንዲህ ሰው አክባሪ ስለሆኑ ማሽኑም እኔም እናመሰግናለን።

2ኛ. ሳይረኑን በጆንያ አስጠቀለሉት። ስለ ጆሮዎ ማሰብዎ ደግ ነው። አሁን ሲጮህ ጉንፋን የያዘው ዶሮ ነው የሚመስለው።

3ኛ. ይሄኛው ቀልድ የለውም። እሑድ። ሳጥኑ በፈረንጅ ሰዓት 9:12 ይላል፤ በእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት። ኮድ ቁጥር አንድ አላርሙን አጠፋ። መልሶ ያበራው የለም። ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ዋለ! እርስዎ ለዘመድዎ ልጅ ክርስትና የፕላስቲክ ወንበር ሊያወጡ መጥተው ነበር፤ ወንበሩንም ጋሽ አየለን አሸክመው ኮሎሎ ሰፈር ይዘውት ሄዱ። ድንኳን ሲወጥር፣ ሳህን ሲያቀብል ዋለ። እናንተ ድግሱ ላይ የነበራችሁ የማኅበሩ ሰዎች፣ ወጥ ያዞረላችሁ እሱ አይደለም እንዴ? ሲመለስ መጋዘኑ ተሰብሯል፣ ኢንቨርተሩና ትልቁ ቴሌቪዥን የሉም። ሰኞ እርስዎ ተነስተው «ዘበኛው ቦታው ላይ አልነበረም፣ ከሀራሚዎቹ፣ ከሌቦቹ ጋር ተስማምቶ ነው» ብለው አባረሩት። ቦታው ላይ አልነበረም፣ እውነት ነው። አጠገብዎ ነበር!

ለምን ዝም አልክ ብዬ አየለን ተቆጣሁት። «ሊቀመንበሩን በሰው ፊት ረሱ ብዬ ላዋርዳቸው?» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት በርዎ ላይ የቆመ ሰው፣ ሌባ ተብሎም ይሉኝታ ይይዘዋል። እርስዎ ከዚህ በሽታ ነፃ በመሆንዎ እንኳን ደስ ያለዎት።

አሁን እኔ ክፍል ውስጥ ነው የሚያድረው፤ እሱ ይተኛል፣ እኔ እንቆራጠጣለሁ። ምክንያቱም ቅዳሜ ጠቅላላ ስብሰባ አለ፤ ማኅበሩ ለመኖሪያ ፈቃዱ የሚጽፍለትን ደብዳቤ ለመከልከል እጅ ልታወጡ ነው። ደብዳቤው ከሌለ ፈቃዱ አይታደስም። ፈቃዱ ካልታደሰ ጁባ ለሱ ኻላስ፣ አበቃ። በስድሳ አንድ ዓመቱ የት ይሂድ?

4ኛ. «ኮዴን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም፣ ለሚስቴም» ብለው በስብሰባው ፊት ማሉ። እግዜር ይስጥልኝ፤ የቀረኝን ሥራ እርስዎ ጨረሱልኝ።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ቅዳሜ ይነሱና «አጥፍቼ የረሳሁት እኔ ነኝ፣ አየለም ከእኔ ጋር ነበር» ይበሉ። ከአንድ ሰላምታዎ ያጥራል። ሰው ይረሳል፣ ማንም አይሰቅልዎትም።

ጆንያ ቢጠቀለልበትም ለእርስዎ መጮኹን የማይተው፣ ጤናዎንና ትውስታዎን አጥብቆ የሚመኝልዎ፣ ሁለተኛ የሌለው ባለሙያዎ፣

ቢራራ

የተረሳች ነገር፦ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሰው መዝገቡ የሚጠፋበትን፣ እኔ ብቻ የማውቀውን ኮድ ሦስቴ ሞክሮ ሦስቴም ተሳስቶ ኪፓዱን አስቆለፈው። ረቡዕ ጸሐፊያችን ሰገነት ጠርታኝ ከፈትኩት። ሳጥኑ የሰው ስም አይጽፍም፣ ሙከራውን ግን ከነሰዓቱ ጽፎታል፤ እኔም ሁሉንም በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ። የቢሮውን ቁልፍ ሰኞ ከሰገነት ተቀብለው እስከ ረቡዕ ኪስዎ ይዘውት የዋሉት እርስዎ ነዎት። ለአራተኛ ጊዜ አይድከሙ። ነገ ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት መልስ ይስጡኝ፤ ሁለት ደቂቃ አልጨምርም።