በግድግዳው ቀዳዳ ያለፈው ገመድ

ይድረስ ለእህቴ ለረቢዓ፣ ሪያድ።

ረቢዬ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የአሰሪሽ ልጆች አሁንም ፋታ ይነሱሻል ወይስ ትንሽ አደብ ገዙ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ፀሐይ ሲያይ ይሻለዋል፣ ደመና ሲያይ ያኮርፋል። ሪድዋን በቁመት በለጠኝ፣ በአፍ ግን ገና ነው። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልሽ ወረቀቱ ራሱ ይታዘበኛል።

አርብ ስትደውዪ እማዬ አጠገቤ ስለምትሆን ነው ያልነገርኩሽ። ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ በአፍ ከጀመርኩ እጮሃለሁ። ከሰው ሳትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ወደዚያ ለምትመለስ ልጅ ይሄን ሰጠሁልሽ።

የላክሽልኝ ላፕቶፕ ጎበዝ ነው፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ከአስረኛ ክፍል አቋርጬ ፈርሂያ ስቱዲዮ ከገባሁ ወዲህ የሴቶቹን የሰርግ ቪዲዮ እየቆረጥኩ የማቀናብረው እኔ ነኝ። የዚህን አገር ሰርግ ታውቂያለሽ፤ የሴቶቹን ሴት ትቀርጻለች፣ ሴት ትቆርጣለች፣ ፍላሹ ለሙሽራዋ በእጇ ይሰጣል፣ እኛ ጋ ኮፒ አይቀርም። ወንዶች ፊት ክፍል ተቀምጠው ጉርድ ፎቶ ይጠብቃሉ እንጂ እኔ የምሠራበትን የጓዳውን መጋረጃ አያልፉም።

ሮመዳን ሳይገባ ተብሎ ሰርጉ በላይ በላዩ ሆነና በአንድ ስክሪን መሥራት ዓይኔን አጠፋው። ፈርሂያን ነዘነዝኳት። «አባዮ እህቴ፣ እጅሽ እንደ አፍሽ ቢፈጥን እኮ ስክሪን አያስፈልግሽም» ብላ ስቃ ሁለት አሮጌ ስክሪን አወጣችልኝ። ላፕቶፑ ያለው አንድ መሰኪያ ስለሆነ ለሁለተኛው ከቶጎጫሌ አዳፕተር አስመጣሁ። ሐሳቤ አንዱ ላይ ምስሉን በሰፊው ማየት፣ አንዱ ላይ መቁረጫውን መዘርጋት፣ ላፕቶፑ ላይ ፋይሎቹን መተው ነበር።

ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ፈርሂያ ኮምፒውተሯን ይዛ ቀረጻ ሄደች። እኔ የዑባህን የሻሽ ሳር ቪዲዮ ይዤ ተቀመጥኩ። ዑባህ ያቺ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተማረችው፣ ፀጉሯን አንቺ ትሠሪላት የነበረችው። ባገባች በሰባተኛው ቀን ሴቶቹ ተሰብስበው ሻሽ ያሰሩላት ዕለት የተቀረጸ ነው። አክስቷ ከኤረር ድረስ መጥታ የሴቶቹን ግጥም፣ ቡራንቡር፣ ትገጥምላታለች፣ እሷ ፀጉሯን ለቃ ትጨፍራለች።

አንደኛው ስክሪን ወዲያው በራ። ሁለተኛው ድቅድቅ ጨለማ። ላፕቶፑ ስክሪን አግኝቻለሁ ይላል፣ ስክሪኑ ሲግናል የለም ይላል። ሁለቱ ተጣልተው እኔን ሽማግሌ የላኩ ነው የሚመስለው! ዘርጋው ብዬ ኤክስቴንድ አልኩት፣ እምቢ። ያንኑ ምስል ድገመው ብዬ ዱፕሊኬት አልኩት፣ እምቢ። በጥፊ አልኩት፣ ዋላሂ፣ እምቢ። ተናድጄ እንዳለ ተውኩትና ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ በቀሩት መቁረጥ ጀመርኩ።

ረቢዬ፣ አዳፕተሩ ላይ የሰካሁት የስክሪኑን ገመድ አልነበረም። ፈርሂያ ለደንበኛ ናሙና የምታሳይበትን ነው፣ በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ፊት ክፍል ካለው ትልቁ ቴሌቪዥን የሚገባውን። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ጠረጴዛዬ ስር። ዱፕሊኬት ላይ ስለተውኩት እኔ የማየውን ሁሉ ፊት ክፍል ያሉት ወንዶችም ያያሉ።

ማን ገብቶ ይንገረኝ? መጋረጃውን ማለፍ ነውር ነው። «አባዮ! አባዮ!» እያሉ ተጣርተዋል አሉ፤ የእኔ ጆሮ ላይ ከበሮ ነው። በመጨረሻ አዴር ሂርሲ፣ ጎረቤታችን ሽማግሌው፣ ወጥተው ከቆጣሪው አጠፉት። እኔ ደግሞ መጋረጃውን ገልጬ «ማነው ይሄ ባለጌ መብራት ያጠፋው?» ብዬ ጮህኩ።

ሦስት ወንዶች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል። አዴር ሂርሲ ከደጅ ሆነው መሬት መሬት እያዩ «ልጄ፣ እኛ ዓይናችንን ጨፍነናል፣ አንቺ ግን ቤቱን ከፍተሽዋል» አሉኝ። አንድ ወንበር ባዶ ነበር። እዚያ የነበረው ጎረምሳ ስልኩን በእጁ ይዞ ወጣ አሉ። ማንም አያውቀውም። ይቅረጽ አይቅረጽ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ፈርሂያ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ልንገራት ወይስ አንቺ?» ብቻ አለችኝ። ላፕቶፑን ይዤ ዑባህ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ ጥፋቱን በአዳፕተሩ ላላክክ ውሸት ሳዘጋጅ ነበር፤ በሩን ስትከፍትልኝ ሁሉም ጠፋኝና እንዳለ ነገርኳት። አልጮኸችም። «ሲያዩኝ ሻሹ ታስሮልኝ ነበር?» አለችኝ። «ገና ነበር» አልኳት። «አጥፊው» አለች። የካሜራው ካርድ ተጠርጓል፣ ያለው ይሄ ብቻ ነው፣ የአክስትሽ ግጥም እኮ አለበት ብላት «እሱንም» አለች። ላፕቶፑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ሲጠይቅ እጄ እምቢ አለኝ። እሷ ራሷ ተጫነችው። ከዚያ እስክወጣ በሩን ይዛ ቆመች።

ሌሎች ሁለት ሙሽሮች ቪዲዮአቸውን ሳልቆርጠው መልሰው ወስደዋል። ፈርሂያ ውጪም አላለችኝ፣ ሥሪም አላለችኝ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እሱ አይደለም። ያ ጎረምሳ ቀርጾ ከሆነ፣ ዑባህ የሌላትን የዑባህን ቀን እሱ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል።

እማዬ ሰላም ብላሻለች፤ ይሄን ስለማታውቅ አርብ አፍሽን ጠብቂልኝ። ሪድዋን ጉንጭሽን ስሟል፣ ቤት ስላለሁለት ደስ ብሎታል። አዴር ሂርሲም እህትሽን ሰላም በይልኝ ብለውኛል፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ። ዱዓ አድርጊ፣ መጀመሪያ ለዑባህ።

እህትሽ ኢክላስ
ጅጅጋ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.