አንዴ ጮሆ የሚዘጋ ስልክ

ጥር 8

የሒሳብ ፈተና ተመለሰ። ውጤቱን እዚህ አልጽፈውም፤ ወረቀቱም ያፍራል። አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ አየብኝና "አይዞህ፣ ከኔ በሁለት ትበልጣለህ" አለኝ። ማጽናናቱ ነው...

ቤት ስደርስ አባዬ መኪናው ላይ ነበር። የስፌት መኪና ማለቴ ነው፤ ሌላ መኪና የለንም። ትናንት ያስረከበውን ሱሪ መልሶ ያሰፋል። "ሰውዬው ወገቡን ሳይሆን ምኞቱን ነው ያስለካኝ" አለ። ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሁለታችንም ደንገጥ አልን። እዚህ ቤት ከተሳቀ ቆይቷል።

ማታ እማዬ ደወለች። "አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፣ ልደርስ ነው፣ አባትህ ይውጣልኝ።" አንድ በአንድ ተናግራ ዘጋች። ድሮ እንዲህ አልነበረም።

ጥር 11

ድሮ እንዴት እንደነበር ልጻፍ።

እኛ ቤት ስልክ አይወራበትም ነበር፤ ይጮህበታል እንጂ። ሕጉን ያወጣው አባዬ ነው። "ለአንዲት ቃል ብሎ ሰው ስልክ ያነሳል?" ይላል። አንዴ ጮሆ ከተዘጋ፣ ፌርማታ ደርሻለሁ፣ ና ተቀበለኝ ማለት ነው። ሁለቴ ከሆነ፣ ሻይ ጣዱ። ሦስቴውን የጨመረችው ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ናት፦ ተናድጃለሁ፣ ማንም እንዳያናግረኝ! አንድ ቀን አባዬን ሦስት ሚስኮል አደረገችው። ማታ ገና ከበር ሳትገባ ይቅርታ ጠየቃት። ምን እንዳጠፋ አያውቅም እኮ። "ኧረ ተሳስቼ ነው የደወልኩት!" ብላ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለች።

እትዬ መነጽር ቤት ነበር የምትሠራው። የማታውቀውን ሰው መንገድ ላይ አስቁማ መነጽሩን በሻርፗ ጫፍ ትወለውልለታለች። እኔን "ክብሪት" ነበር የምትለኝ። ቀጭን፣ ራሱ ትልቅ፣ ቶሎ የሚነድ። ከእሷ ሞት በኋላ ማንም እንዲያ ብሎ አልጠራኝም።

ማታ ማታ ፌርማታ ሄጄ የምቀበላት እኔ ነበርኩ። ጥቁሩን ጃንጥላ ይዤ።

ጥር 12

የቀረውን ዛሬ ካልጻፍኩት መቼም አልጽፈውም።

ያን ቀን ጠዋት ተጣልተን ነበር። ከክፍል መቅረቴን ለእማዬ ነገረችብኝ። ማታ ዝናብ ጣለ። ስልኬ አንዴ ጮሆ ተዘጋ። እሷ ናት። አየሁት። "ትምጣ፣ እግር የላትም?" አልኩና ስልኩን በፊቱ ደፋሁት።

ጃንጥላው በሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ ነበር።

እትዬ ጃኬቷን ራሷ ላይ ደፍታ መንገዱን በሩጫ ስታቋርጥ... ሾፌሩ እያለቀሰ ነው የተናገረው አሉ። "ፊቷን ሸፍና ነበር፣ አላየችኝም።"

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። "አልደወለችልህም?"

"አልደወለችም።"

ሚስኮሉን ከስልኬ አጥፍቼው ነበር። ከዚያ በኋላ ሊያስተዛዝን የመጣ ሁሉ እያቀፈ "አንተ ጎበዝ ልጅ፣ ለእናትህ በርታላት" ይለኝ ጀመር። ጎበዝ ልጅ...

ጥር 19

እማዬ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ቤት መጥታም እጇ አያርፍም፤ ካልሲዬን ሳይቀር አራት ላይ ታጥፈዋለች። ዛሬ አብረን አንሶላ እናጥፍ ነበር፣ እሷ በአንዱ ጫፍ እኔ በሌላው። መሀል ላይ ስንገናኝ፦

"ለምን እንዳልደወለች ታውቃለህ?" አለችኝ። "ፈተና ነበረብህ። ያጥና ብላ ላንተ አዝና ነው።"

ጫፉ ከእጄ አመለጠ።

"ኧረ ያዝ! ምሳ አልበላህም እንዴ?" አለችና ግንባሬን ሳመችኝ።

እኔ ዋሸሁ፤ እሷ በውሸቴ ላይ ይህን የመሰለ ፍቅር ሠራችበት። አሁን እንዴት ላፍርሰው? ባፈርሰውስ እኔን እንደ ልጇ ታየኛለች?

ጥር 23

ዘነበ። ጃንጥላውን አይቼ አለፍኩት። በስብሼ ክፍል ገባሁ።

ጥር 25

እሑድ። ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እነሱ ወደ ፊት ሲያልፉ እኔ በሩ አጠገብ ቀረሁ። ሲጸለይ አፌ ብቻ ተንቀሳቀሰ። እግዜር ያንን ሚስኮል አይቶታል አይደል? እሱ ዘንድ የሚጠፋ ነገር የለም...

አባ ሲወጡ አገኙኝ። እትዬንም እኔንም ያጠመቁን እሳቸው ናቸው። ጆሯቸው ደክሟል። "ምነው በር ትጠብቃለህ? ዘበኛ እኮ አለን!" ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እጄን ግን ቶሎ አልለቀቁትም።

የካቲት 3

ተናገርኩ።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ አባ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። በሹክሹክታ ጀመርኩ።

"አልሰማሁህም ልጄ። ጮክ በል።"

ደገምኩት።

"ኧረ ጮክ!"

"ደውላልኝ ነበር! አይቼ ተውኳት! እናቴንም ዋሸኋት!"

አትክልት የሚያጠጣው ሰውዬ ዞሮ አየኝ። ርግቦቹ ከጣሪያው ብር አሉ። ለማንም ያልተነፈስኩትን ግቢው ሁሉ ሰማ። ከዚያ... ርግቦቹ ተመልሰው ዐረፉ።

"ያንተ ጥፋት አይደለም" ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢሉኝ ተነሥቼ የምሄድ ይመስለኛል። አላሉኝም።

"መኪናውን የነዳኸው አንተ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"ዝናቡንስ አንተ አዘነብከው?"

"አይ።"

"እንግዲያው እነሱን ተዋቸው፣ ያንተ አይደሉም። ቂሙና ውሸቱ ግን ያንተ ነው። እሱን አምጣ።"

"ለማን ነው የማመጣው?"

"ለጌታ ነዋ! ክርስቶስ ምንም ላላጠፋ ሰው የተሰቀለ መሰለህ እንዴ?"

ከዚያ በጭንቅ ቀን ጌታውን "አላውቀውም" ብሎ ስለካደው ደቀ መዝሙር ነገሩኝ። ታሪኩን አውቀዋለሁ። ልብ ያላልኩት መጨረሻውን ነው። "ከሞት ተነሥቶ ሲያገኘው ምን አድርጎ ጠበቀው? ዓሣ ጠብሶ! ቁርስ አቅርቦ! መጀመሪያ አበላው፣ ኋላ ትወደኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀው።"

አለቀስኩ። አፍንጫዬን ሳይቀር በመሐረባቸው ጠረጉልኝ፣ እንደ ሕፃን። ጸለዩልኝ። እግዚአብሔር ይቅር እንዳለኝ ጮክ ብለው ነገሩኝ። እሳቸው መቼም ሁሉን ነገር ጮክ ብለው ነው።

"ለእናትህስ?"

"ትጠላኛለች።"

"ልትቆጣ ትችላለች። አብሬህ ልምጣ?"

"እኔው ልንገራት፣ አባ።"

የካቲት 4

አልቻልኩም።

የካቲት 5

ዛሬም። ጌታ ሆይ፣ አንተ ለዚያ ሰው ቁርስ አቅርበህ ጠበቅኸው። እኔ እራት ላይ እንኳ አፌን መክፈት አቃተኝ። እርዳኝ።

የካቲት 6

ነገርኳቸው።

አባዬ መኪናውን አቆመ። እማዬ ታጥፈው የነበረውን ሸሚዝ አልለቀቀችም። መጀመሪያ ያለችው፦ "ደውላ ነበር ማለት ነው..." ከዚያ፦ "ይህን ሁሉ ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያየህ?" ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

አባዬ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። "እስቲ ክሩን አስገባልኝ፣ ዓይኔ እምቢ አለኝ" አለ። መነጽሩን አውልቆት ነበር። ርሶ ነበር። ክሩን አስገባሁለት። ትከሻው ትከሻዬን እንደነካ ቆየ።

የካቲት 7

እማዬ አላናገረችኝም። ካልሲዬ ግን አራት ላይ ታጥፎ አልጋዬ ላይ ነበር።

የካቲት 9

እሑድ። ጠዋት መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

"በጣም አዝኜብሃለሁ" አለች። "ውሸትህ አስከፍቶኛል። ይህን ተሸክመህ ብቻህን መክረምህ ደግሞ አንጀቴን በላው። ሁለቱም አለ። አንዱ አንዱን አያጠፋውም።"

"ይቅር በይኝ፣ እማዬ።"

"ሰሞኑን እግዜር ላይ ስጮህበት ነው የሰነበትኩት። አንዴም አላቋረጠኝም።" እጇን ራሴ ላይ አደረገች። "ይቅር ብዬሃለሁ። ነገ ተመልሶ ሊከፋኝ ይችላል። ያኔም እንደገና ይቅር እልሃለሁ። ሰምተሃል?"

ሰምቻለሁ።

ልትነሣ ስትል ቆም አለች። "ወንድሜ ይመጣል ብላ ነው እኮ የደወለችው..." አለች። ተቃቅፈን አለቀስን። ልታስጨንቀኝ ብላ አይደለም። እትዬ "ቢጣላኝም ይመጣል" ብላ ነበር። እንዲያ ነበር የምታስበኝ።

ቤተ ክርስቲያን ዛሬ በሩ አጠገብ አልቀረሁም። አባ አዩኝና "ዘበኛው ሥራ ለቀቀ?" አሉ። ጮክ ብለው፣ እርግጥ።

የካቲት 24

ከቀትር ጀምሮ ዳመነ። ማታ ዘነበ። የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ስልኬ ጮኸ። አንዴ። ተዘጋ።

እማዬ ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ቤት ሚስኮል ያደረገ ሰው የለም። አባዬ ቀና አለ። ተያየን።

"ምን ታየኛለህ? እኔን አይደለም የጠራችው!" አለኝ።

ጃንጥላውን ከበሩ ጀርባ አነሳሁ። ስከፍተው አቧራው ቦነነ። አንዱን ሽቦ እትዬ በመነጽር ብሎን ጠግናው ነበር። አሁንም ይዟል።

ሮጥኩ። መንገዱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። "ጌታ ሆይ፣ አብረኸኝ ተሻገር" አልኩ። ግራ ቀኝ አይቼ ተሻገርኩ።

እማዬ ፌርማታው ጣሪያ ሥር ቦርሳዋን አቅፋ ቆማለች። አጠገቧ እስክደርስ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

"ዘገየህ፣ ክብሪት" አለችኝ።

ክብሪት!

"ሮጬ ነው እኮ የመጣሁት!"

"አየሁህ" አለች ክንዴን እየያዘች። "ከሩቅ ነው ያየሁህ።"

ጃንጥላው ለሁለት አይበቃም። እሷ ወደኔ ስትገፋው፣ እኔ ወደሷ ስገፋው... ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ በስብሰን ገባን። አባዬ ሻይ ጥዷል። ሁለቴ የደወለለት ሳይኖር።

እትዬ ናፍቃኛለች። ዛሬ ግን ናፍቆቱ ብቻውን መጣ፤ ያን ሌላውን አላስከተለም።

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነው። ፊቱ ወደ ላይ።