ቀድሞ የገባ ጾም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አባዬ አልተዉም። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከቤቱ ኋላ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ልክ ወንድሜ ጌታነህ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመው ሲያጨሱ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ሲጋራውን በጫማቸው ረገጡትና «መጣህ?» አሉ። «መጣሁ» አልሁ።

ጌታነህ የተቀበረ ዕለት «ሁለተኛ አልነካውም» ብለው ነበር። አርባው እንኳ ገና ነው።

ጌታነህን የወሰደው ሳንባው ነው። እሱም፣ አባዬም፣ እማዬም የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው የሚኖር ናቸው። እኔ ነፃ የሆንሁት እማዬ እኔን አርግዛ ሳለች መድኃኒት ስለጀመረች ነው። ጌታነህ ሲወለድ ግን ማንም ምንም አላወቀም ነበር። በዚህ አንድ ቀን ቅር ተሰኝቶብኝ አያውቅም። «አንተ የቤታችን ዕድለኛ ነህ፤ በል ስለዚህ ውኃ ቅዳ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እንዲህ ያለ ወንድም ስለነበረኝ ተመስገን እላለሁ። ዛሬም ውኃ ቀዳሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አባዬን ለክትትል ሆስፒታል ወሰድኋቸው። ዳገቱ ላይ እየቆሙ የጉናን ተራራ የሚያዩ መሰሉ። ጉና ደግሞ በጉም ተሸፍኖ ነበር።

ጌታነህንም ስትከታተለው የነበረችው ሲስተር ውጤታቸውን አየችና «ጋሼ፣ ቫይረሱ አይታይም። ጎበዝ!» አለቻቸው። አባዬ ፈገግ አሉ። እኔን ግን ቃሉ ወጋኝ። ጌታነህም የሚባለው ይኸው ነበር። «አይታይም ተባልሁ!» ብሎ እየዘለለ ይመጣና፣ በደስታው ባሕር ዛፉ ሥር ሄዶ አንድ ይለኩስ ነበር። አይታይም ማለት የለም ማለት፣ የለም ማለት ደግሞ ምንም አይነካኝም ማለት መስሎታል። ለእኛም መስሎን ነበር።

ሲስተር አባዬን «አሁንም ያጨሳሉ አይደል?» አለቻቸው። አባዬ ኮፍያቸውን በእጃቸው ያሽከረክሩ ጀመር።

«ጋሼ፣ ክኒኑ ቫይረሱን ያስራል እንጂ ጭሱን አያስርም። ሳንባዎ የጌታነህን መንገድ ይዟል፤ ልብዎም አብሮ ይደክማል። አሁን ቢያቆሙ ግን የቀረው ይተርፋል።»

ስንወጣ እኔን ለብቻ ጠርታ «አትቆጣቸው፤ ሱስ ነው። አጠገባቸው ሁን» አለችኝ። እሺ አልኋት። ግን ተቆጥቻለሁ። የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ያንን የጌታነህን አተነፋፈስ ከአባዬ ደረት መስማት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የክፍል ጓደኛዬ ዳዊት ለቅሶ ላይ ሳለሁ ያመለጠኝን የኬሚስትሪ ትምህርት ሁሉ ገልብጦ አመጣልኝ። ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ግን ሙሉ ነው። እግዜር ይስጠው።

ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ሰፈሩ ይታጠናል። ሰው ሁሉ የግቢውን ቆሻሻ በየደጁ ከምሮ ያነድዳል፤ ጭሱ በሽታን ያስወጣል ይባላል። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ የእኛንም ደጅ ጠርገው ከመሩልን።

«እትዬ፣ እኛ ዘንድሮ ባናነድድስ? አባዬን ትንፋሽ ያጥራቸዋል» ብላቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ምን አልህ? ሞት የገባበት ቤትማ ከሁሉ በፊት ነው የሚታጠን! አሥራ አንደኛ ክፍል ገባሁ ብለህ ባህል ናቅህ?»

ክፉ ሰው ቢሆኑ መልስ አላጣም ነበር። በለቅሶው ጊዜ ያበሉን እሳቸው ናቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ጨሰ። በሩን ዘጋሁ። ነጠላ ውኃ ውስጥ ነክሬ ከበሩ ሥር ጎሰጎስሁ። ጭሱ ግን መግቢያ አያጣም። አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ትንፋሽ ይፈልጉ ነበር። ያ ድምፅ መጣ። የጌታነህ ድምፅ። እማዬ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ያዘችላቸው። እኔ ጀርባቸውን ከማሸት በቀር ምንም አላወቅሁም። ቀስ በቀስ ለቀቃቸው። ተመስገን። ተመስገን። ተመስገን።

ጭሱ ገለጥ ሲል እትዬ ብርቄ ክብሪት ይዘው መጡ። «የእናንተ ብቻ ቀረ» አሉ። እኔ ልናገር ስል አባዬ ወጡ። ድምፃቸው ገና ቀጭን ነበር።

«ብርቄ፣ እኔኮ ከውትድርና ከተመለስሁ ጀምሮ ይህን ቤት ሳጥነው ነው የኖርሁት። በየቀኑ። በሽታው መች ወጣ? ልጄ ወጣ እንጂ።»

እትዬ ብርቄ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

አባዬ «ዶማ አምጣ» አሉኝ። ባሕር ዛፉ ሥር ቆፈርሁ፤ ቆሻሻውን ከተትነው። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ የሲጋራውን ፓኬት አውጥተው ጨመሩት። «ጌታነህ እፊቴ አጭሶ አያውቅም፤ ያከብረኝ ነበር። እሳቱን ግን ከእኔ ነው የወሰደው» አሉ። አፈሩን ራሳቸው መለሱት።

እትዬ ብርቄ ክብሪታቸውን ይዘው ተመለሱ። በራሳቸውም እሳት ላይ ውኃ ሲያፈሱ አየሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አባዬ ሲጋራው ስለቀረባቸው በሁሉ ይነጫነጫሉ። ወጡ ጨው በዛው። ሬዲዮው ጮኸ። ዶሮዋ ጮኸች። እኔ በር በኃይል ዘጋሁ። ወደ ባሕር ዛፉ በሄዱ ቁጥር እከተላቸዋለሁ። በመጨረሻ ዞር ብለው «ዘብ ነህ?» አሉኝ። «አዎ» አልሁ። ሳቁ! ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ አልሰማሁም ነበር።

እትዬ ብርቄ የገብስ ቆሎ ላኩ፤ «ሲጋራ ባማራቸው ቁጥር ይቆርጥሙ» ብለው። አባዬ ፓኬቱ የነበረበትን ኪስ በቆሎው ሞሉት። እኒህን ሴትዮ ሐሙስ ዕለት በልቤ ተቀይሜያቸው ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የአባዬ የውትድርና ጓደኛ ጋሽ ደመቀ መንገድ ላይ አገኙን። እንደ ልማዳቸው ለራሳቸው አንድ ሲጋራ አውጥተው ለአባዬም አንድ ዘረጉ። የአባዬ እጅ ብድግ አለ፤ ከዚያ ተመልሶ ኪሳቸው ገባ። ቆሎ ዘገኑ።

«ጾም ይዣለሁ» አሉ።

«የምን ጾም? ጾሙ የሚገባው ነገ አይደለም እንዴ! ዛሬማ ቅበላ ነው።»

«የእኔ ቀድሞ ገባ።»

ጋሽ ደመቀ ከት ብለው ሳቁ። «ታዲያ መቼ ነው የምትፈታው? ለገና?»

አባዬ አልሳቁም። «ጌታነህን ሳገኘው» አሉ።

ጋሽ ደመቀ ሁለቱንም ሲጋራ ሳይለኩሱ ወደ ፓኬቱ መለሱ። ከቆሎው ትንሽ ተቀብለው አብረውን ወረዱ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ዛሬ ጾሙ ለሁሉም ገባ። አባዬ ጠዋት ክኒናቸውን ዋጡ፤ መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለዋቸዋል የንስሐ አባታችን።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ሳልገባ ቀጥታ ወደ ባሕር ዛፉ ሄድሁ። መጠርጠሬ አሳፈረኝ፤ ግን ሄድሁ። አፈሩ እንደተደለደለ ነው፤ ማንም አልነካውም። እሱ ላይ ግን የአባዬ የጫማ ዳና አለ፤ ብዙ ቆመዋል። በዳናው ዙሪያ የገብስ ቆሎ ተንጠባጥቧል።

ቆመው ቆሎ ቆርጥመው ተመልሰዋል። ለዛሬ ተመስገን። ነገም ሄጄ አያለሁ።