የሎጊያ ብርድ

ግንቦት 4
ዛሬም መቀርቀሪያው አልከፈት አለኝ። የቆለፍኩት እኔ፣ መክፈት ያቃተኝም እኔ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አይታጠፉም። በክርኔ ስገፋው ቆይቼ መጨረሻ ላይ እማዬን ጠራሁ፣ በመስኮት እጇን አሾልካ ከፈተችልኝ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ጠዋት አሮጊት፣ ከሰዓት ኮረዳ። ከሰዓት ያየኝ ሰው ጠዋቱን እንዴት ይመነኝ? ሥራ ጠልታ ነው ቢሉ አይፈረድባቸውም።

እማዬ ግን "ብርድ ነው የገባሽ" ባይ ናት። ብርድ... ሎጊያ ላይ! ሹፌሮቹ ቁርስ ቤታችን ገብተው ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ እኔ ጓዳ ውስጥ ጋቢ ተደርቦልኛል። ንፋስ ይጎዳታል ብላ ቬንትሌተሬን አልጋዋ ሥር ከተተችው። ከወሎ ስትመጣ ብርዱንም ጠቅልላ ይዛው መጥታለች መሰለኝ።

ግንቦት 7
ሰመራ ሄደን ታየሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት። "ብርድ አይደለም" አለች። "የራስሽ ሰውነት ነው መገጣጠሚያሽን የሚያጠቃው። የሽማግሌ በሽታ ብቻ አይደለም፣ ወጣትም ይይዛል።" በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ክኒን አዘዘችልኝ። ቀጥላ "ልታገቢ ነው?" አለችኝ።

አዎ። ከአረፋ በኋላ ኒካህ አለን፣ ከሙእሚን ጋር። አዋሽ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው።

"መድኃኒቱን እየወሰድሽ ማርገዝ የለብሽም። ባልሽ ይወቅ፣ ተማከሩ።"

እማዬ ከኔ ቀድማ እሺ አለች። ባጃጅ ውስጥ ግን ክኒኑን ከእጄ ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው። "ለማንም እንዳትተነፍሺ። ኒካሁ ይታሰር፣ ክኒኑ ይደርሳል። በሽተኛ ናት ከተባልሽ ማን ይወስድሻል?"

ማታ ሙእሚን ደወለ። "ድምፅሽ ምን ሆነ?" "ሙቀቱ ነው" አልኩት። እማዬ በብርድ ታመካኛለች፣ እኔ በሙቀት።

ግንቦት 11
እስክሪብቶ አልያዝልሽ አለኝ።

ግንቦት 14
እማዬ ሆዱን ያመመውን ሹፌር ስትመክር ሰማኋት። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ሂድና ታይ።" እኔ ጓዳ፣ ጋቢ ውስጥ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ለሙእሚን ብነግረውስ? ስልኬን አነሳሁ... መልሼ አስቀመጥኩት። ቢተወኝስ? ባይተወኝስ፣ የእማዬን ፊት እንዴት አየዋለሁ?

ግንቦት 18
ከአዋሽ የተላከው ቀለበት አልገባም አለ። እማዬ በሳሙና ሞከረች። "እብጠቱ እስከ ኒካሁ ይጎድላል፣ አብሽሪ" አለችኝ። እሷ ራሷ ግን እያለቀሰች ነበር።

ግንቦት 22
ኑራ የግመል ወተት የምታመጣልን አፋር ናት። ዳጉዋን፣ የአገሩን ወሬ፣ ሳትጨርስ ጀሪካኑን አታስረክብም። የት ዘነበ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ማን ታመመ። ከዚያ ተራው የኔ ነው፣ ያየሁትን የሰማሁትን መንገር አለብኝ። እኔ ሁልጊዜ "ሰላም ነው" ብዬ አልፋለሁ።

ዛሬ የጀሪካኑን ክዳን በጥርሴ ስከፍት አየችኝ።

"የአንቺ ወሬ ዳጉ አይደለም" አለች።

"ምኑ?"

"ሰላም ነው የምትይው። በዳጉ ውሸት ነውር ነው። እጅሽ ሌላ ያወራል።"

ነገርኳት። ሐኪሟ ያለችውን፣ ክኒኑን፣ ብርድ እንዳልሆነ። "ወጣትም ይይዛል?" ብላ ደግማ ጠየቀችኝ፣ ስታወራው እንዳትሳሳት። ያኔ ነው ያደረግኩት የገባኝ። ለማንም አትንገሪ ልበላት? ዳጉ ሰጥቶ አትንገሪ ማለት ወንዙን አትፍሰስ ማለት ነው። አላልኳትም። ደግሞም... እንድትናገር ፈልጌ ነበር።

ግንቦት 28
ወሬው አዋሽ ደርሷል። የሙእሚን እናት ደወሉ። "የልጅሽን መታመም ከመንገደኛ ልስማ?" አሏት እማዬን። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ቀረች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሙእሚን አንድ መልእክት ላከ። "አንቺው ብትነግሪኝ ኖሮ..." ሌላ የለም። ይሄ ከጣቶቼ የባሰ ያማል።

ሰኔ 3
ለጎረቤት "ተራዘመ" እያልን ነው። ኒካሁ ግን ቀርቷል። እማዬ አታናግረኝም። ክኒኑ አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ነው። በምን አፌ ልጠይቃት?

ሰኔ 9
ከሚሌ አንዲት አፋር እናት ልጇን ይዛ መጣች። በራችን ላይ ቆማ እማዬን "ብርድ ያልሆነው በሽታ ያለባት ልጅ እዚህ ናት?" አለቻት። ዳጉ ሰምታ ነው።

ልጅቷ ሂያም ትባላለች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። በዚህ ሙቀት በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልለዋታል። እጇን ዘረጋች፣ እኔም ዘረጋሁ። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። እንደኔ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም ነበር። ሁለታችንም ሳቅን።

እናትየው ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻዋ መለሰችላት። እማዬ የሂያምን ላብ ስታይ ቆየች። ከዚያ ሄዳ ብርድ ልብሱን አወረደችው።

"ብርድ አይደለም፣ እህቴ" አለቻት። "ሐኪሟ ነግራናለች።"

ጓዳ ገባች። ከአልጋዋ ሥር የሚጎተት ነገር ሰማሁ። ቬንትሌተሩን በሻርፗ ጠርጋ ሰካችው፣ ወደ ሂያም አዞረችው። ቆይታ ደግሞ ትንሽ ወደኔ።

ሲሄዱ ክኒኑን ከቦርሳዋ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ሰኔ 11
መቀርቀሪያው ዛሬም አልከፈት አለኝ። ክኒን በአንድ ቀን አይሠራም፣ ወራት ይፈልጋል ተብያለሁ። እማዬን ልጠራ አፌን ስከፍት ከውጭ የጀሪካን ድምፅ ሰማሁ። ኑራ ናት። ዳጉዋን ልትጀምር ስትል እማዬ አቋረጠቻት።

"ቁጭ በይ፣ ኑራ። ዛሬ እኔ ነኝ የምነግርሽ። ልጄ ታማለች..."

በሩን ተደግፌ ቆምኩ። እስክትጨርስ አልጠራኋትም።