በአውራ ጣት ላይ የቀረ ወርቅ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፤

ዓይንሽ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ጠብታ ጧትና ማታ ታደርጊያለሽ ወይስ እኔ ዞር ስል ትተሽዋል? ወገብሽስ? ነጯ ላም ወለደች? እኔ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው! እግሬን የጋለው ንጣፍ ለብልቦታል፣ ድምፄ ከጩኸት ብዛት ተዘግቷል፣ ልቤ ግን ከደረቴ ወጥቶ ሊጨፍር ምንም አልቀረው። ስልክ ያልደወልኩት በሹሙ ቤት ስልክ የተነገረ ነገር ካንቺ ጆሮ በፊት ገበያ ስለሚደርስ ነው። ይኼ ደግሞ ካንቺ ቀድሞ ማንም ሊሰማው የማይገባ ነገር ነው። አሁን ማንንም «አንብቢልኝ» ሳትይ ራስሽ እንደምታነቢው ሳስብ እንዴት ደስ እንደሚለኝ!

የምጽፍልሽ ከተራራው አናት፣ ከሴቶች መቀመጫ ሆኜ ነው። አጎቴ ኡ ፎ ጪት በመጨረሻው መኪና ሊወርድ ስለሆነ «ቶሎ በይ እንጂ!» እያለ አናቴ ላይ ቆሟል። ደብዳቤውን ይዞልሽ የሚመጣው እሱ ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ በወንድምሽ ፍረጂ።

መጀመሪያ የምትጠብቂውን ልንገርሽ። ስለትሽ ደርሷል። ወርቅሽ ዓለቱ ላይ ተለጥፏል።

እማዬ፣ ምነው ባየሽው! ሰው ሲያወራ ያጋንናል እል ነበር። ያንን የሚያህል ዓለት፣ ሁለመናው ወርቅ ለብሶ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ እንዲሁ ዘመም ብሎ ቁጭ! ነፋስ ሲመጣ እኔ ነኝ የምዘመው። አንዲት የቡድሃ ፀጉር ይዛው እንዳልወደቀ ከልጅነቴ ጀምሮ ስትነግሪኝ «እሺ» እል የነበረው አንቺን ላለማስቀየም ነበር። ዛሬ ግን ካንገቴ ሳይሆን ካንጀቴ አመንኩ።

መንገዱማ አይነሳ። ከተራራው ሥር፣ ከኪንፑን ወደ ላይ የሚወጣው መኪና ላይ እንደ በርበሬ ጆንያ ነው የጠቀጠቁን። በየመታጠፊያው እኔ እስቃለሁ፣ አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያነበንባል። አጠገቡ የተቀመጡ አንዲት ከፓኮኩ የመጡ አሮጊት «ጌታው፣ ጸሎቱን እላይ ይደርሱበታል፤ ለጊዜው ትከሻዬን ይልቀቁልኝ» ቢሉት መኪናው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። አጎቴ ግን ትከሻቸውን አልለቀቀም።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ፤ ግን እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትቆጪ።

ሆስፒታል የዓይንሽ ፋሻ ሲፈታልሽ ትዝ ይልሻል? ሁላችንም አልጋሽን ከበን ቆመን ነበር። አንዳችንን ካንዳችን እያፈራረቅሽ አየሽንና፣ ወደ በሩም ተመልክተሽ «ሁላችሁም ይኸው ናችሁ?» አልሽ። ሌላው ሁሉ እልል አለ፤ እኔ ግን ያቺ ቃልሽ እንደ እሾህ ተሰክታብኝ ቀረች። በማግስቱ ስለትሽን ስትነግሪን «ወርቁን የማያውቀኝ ሰው እጅ እንዳይነካው፤ ሴት ዓለቱን አትነካምና ከወንዶቹ የደሜ እጅ ይለጥፍልኝ» አልሽ። አጎቴ ደረቱን ነፍቶ «እኔ አለሁ» አለ። እኔ ደግሞ «አብሬው ልሂድ» ብዬ ሰፈሩን በለቅሶ አናወጥኩት። ለተራራው ፍቅር መስሎሽ ነበር፤ አይደለም። አምና እዚህ ተሳልማ የተመለሰችው ጎረቤታችን ዶ ኦን ዪ አንድ የምናውቀውን ሰው እዚህ እንዳየች በጆሮዬ ሹክ ብላኝ ነበር።

ስሙን እንዳላነሳ ስላዘዝሽ አላነሳም። ይኸው ትእዛዝሽን እያከበርኩ ነው። አባዬ የስኳር ጭማቂ ሊቀዳ ከወጣበት ዘንባባ ወድቆ በሞተ ጊዜ የሱን ቢላዋ አስቀምጦ «ከእንግዲህ ዛፍ አልወጣም» ያለው፣ አንቺም «የአባቱን ቢላዋ የናቀ ስሙ በቤቴ አይነሳ» ያልሽው ሰው ነው።

ከመኪናው ስንወርድ የወንበር ተሸካሚዎቹ ከበቡን። ወንበሩን በሁለት የቀርከሃ አጣና ላይ አስረው፣ ለአራት ሆነው ሰውን ትከሻቸው ላይ ያወጡታል። አጎቴን አንዱ ከላይ እስከ ታች አየውና «አባት፣ ለእርስዎስ ዝሆን ነበር የሚሻለው» አለው። አጎቴ ሊሳደብ አፉን ሲከፍት ከኋላ አንድ ድምፅ የአገራችንን ስም ጠርቶ «ግድ የለም፣ የናውንግ ኡ ሰው በስኳር ያበጠ ነው፤ ሲነሳ ቀላል ነው» አለ።

እማዬ፣ ያንን ድምፅ ማን ይስተዋል? ዞር ስል እሱ ነው! ትከሻው እንደ በር ሰፍቷል፣ ፀሐይ አጥቁሮታል፤ የግራ እጁ አንጓ ላይ ግን ያ የፈላ ስኳር የተደፋበት ጊዜ የቀረው ጠባሳ እንዳለ ነው። እኔን ሲያይ ቀልዱ አፉ ላይ ደረቀ። እኔ ጮህኩ፤ ተሳላሚው ሁሉ ሰው ገደል የገባ መስሎት ተሯሯጠ። አጎቴ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና «በል ተሸከመኛ! ጉልበቴን አሞኛል» አለው። ወንድምሽ ጉልበቱን እንደሚያመው ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነው።

ሽቅብ ሲሄዱ አጎቴ ከላይ ሆኖ «ዛፍ አልወጣም ያልከው ሰውዬ ተራራ ትወጣለህ?» ሲል ወጋው። እሱም እያለከለከ ምን አለ መሰለሽ? «አጎቴ፣ ዛፍ ላይ ሰው ብቻውን ነው። አባዬም ብቻውን ነበር። እዚህ አራት ነን፤ አንዱን ቢያዳልጠው ሦስቱ ይይዙታል።» እኔ ከኋላ እየተከተልኩ አለቀስኩ። ንቀት አልነበረም፣ እማዬ። ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱንም ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ከዓለቱ በፊት ሴት የማታልፍበት አጥር፣ ከአጥሩም ወዲያ ትንሽ ድልድይ አለ። ወርቁን ከጉያዬ አወጣሁት። አጎቴ እጁን በመዘርጋት ፈንታ ጉልበቱን ያሽ ጀመር። «ውይ፣ ውይ፣ ያቺን ድልድይ ለመሻገር እንኳ አልችልም» አለ። እኔም በሁለት እጄ ለዚያ ሰው ዘረጋሁለት። እሱ ወደ ኋላ አፈገፈገና «እኔ አይደለሁም የታዘዝኩት» አለ። «የደሜ እጅ ነው ያለችው» አልኩት። አጎቴም ጣልቃ ገብቶ «ምነው፣ አንተ ደም የለህም? የተራራው ትንኝ ጨርሶብሃል?» አለው።

ተቀበለኝ። ያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ወርቅ በነፋሱ እንዳይበን ደረቱ ላይ ሸሽጎ ሄደ። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ «ከፍ አድርገው! እሷ ረጅም ናት!» እያልኩ ስጮህ ወንዶቹ ሳቁብኝ። ይሳቁ! በአውራ ጣቱ ጫን፣ ጫን አድርጎ ለጠፈው። ሌላው ሰው ለጥፎ ሲመለስ እሱ ግን ግንባሩን ወርቅሽ ላይ አሳርፎ ቆየ። ሲመለስ ጉንጩ እርጥብ ነበር። «ላብ ነው» አለኝ። እኔም «አዎ፣ ላብ ነው» አልኩት።

ከዚያ ሦስታችንም ሻይ ቤት ገባን። የሆስፒታሉን ነገር፣ «ሁላችሁም ይኸው ናችሁ?» ያልሽውን ነገርኩት። «በምን ድምፅ ነው ያለችው?» አለኝ። ባንቺ ድምፅ እንደሆነ ነገርኩት። «እስቲ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት። ጽዋውን አስቀመጠና «እሷ ካልጠራችኝ ደፏን አልረግጥም» አለ። ግትርነቱ ከማን እንደተወረሰ እኔ አልናገርም።

ስለዚህ እንዲህ ወሰንኩ። እኔ ዛሬ ከፓኮኩ ሴቶች ጋር የተሳላሚዎች አዳራሽ አድራለሁ፤ እሱ ነገ ጧት አለቃውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ አጎቴ በደረሰ ማግስት እኛም እንደርሳለን። እሱ ደፍ አይረግጥም። ደጃፍሽ ላይ ለመንገደኛ ካስቀመጥሽው እንስራ ብቻ ውሃ ቀድቶ ይጠጣል፤ ከዚያ እንስራ ማንንም ከልክለሽ አታውቂም። ውሃው ሙሉ ይሁን፣ ጽዋውንም እጠቢው። ሌላውን አላዝሽም። አንቺ በረንዳው ላይ ሆነሽ ዝም ብለሽ እይ። ዓይንሽ የተገለጠው የላሟን ጭራ ለማየት ብቻ እንዳልሆነ አንቺም ታውቂያለሽ።

አጎቴን በጉልበቱ ነገር እንዳትቆጪው። ከሻይ ቤት ስንወጣ ነፋስ ባርኔጣውን ወሰደበትና እንደ ፍየል ግልገል እየዘለለ ሲያሳድደው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግን አላየሁም።

መኪናው ጡሩንባ እየነፋ ነው። ሦስቱ እንቁዎች፣ ቡድሃ፣ ትምህርቱና መነኮሳቱ፣ ከክፉ ይሰውሩሽ። ያየሽው ሁሉ ደስ ያሰኝሽ፤ ከደጅሽ የሚመጣ በደህና ይምጣልሽ።

ታናሽ ልጅሽ

ደግሞም፦ «አንተም አንድ ቃል ጻፍላት» ብዬ ብዕሩን ሰጥቼው ነበር። ይዞት ቆየና ምንም ሳይጽፍ መለሰልኝ፤ ወረቀቱን ግን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ከዚህ በታች የሚያበራውን ነገር አቧራ መስሎሽ በነጠላሽ እንዳትጠርጊው። የኔ እጅ አይደለም፤ ሴት ዓለቱን አትነካም።