ለሐራጅ ያስዋብነው ቤት

ለክቡር የቤት ዕዳ አማካሪዎች ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም እንቅልፍዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎን ለይቼ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ፈቃድ የሰጧቸው ሰዎች የሚሠሩትን እያወቀ ፊቱ እንደ እርስዎ የሚያበራ ሰው አይቼ ስለማላውቅ፣ ምስጢሩን ቢያካፍሉኝ ብዬ ነው።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ቀለም እንዳይንጠባጠብ ወለል ላይ ከማነጥፋቸው አሮጌ ጋዜጦች ስለሆነ፣ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገሬ መሐል ላይ ቢቋረጥ በጋዜጦቹ ያሳብቡልኝ።

የምጽፍልዎ ስለ እህቴ ልጅ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ሁለት ልጆችና ያላለቀ የባንክ ብድር ትቶባት ሞተ። ቤቱን በገዛ እጁ ብሎኬት በብሎኬት የሠራው እሱ ነበርና፣ ባንኩ የሐራጅ ማስጠንቀቂያ የላከ ቀን ያለቀሰችው ለጣሪያው ሳይሆን ለእጁ ሥራ ነው። ግን ጠንቃቃ ሴት ናት፤ ጨርቅ ደጋግማ ሳትለካ መቀስ አታነሳም። ስለዚህ ከሰፈር አዋቂ ሁሉ ይልቅ ግድግዳው ላይ የእርስዎን ፊርማ በፍሬም የሰቀለውን ባለሙያ መረጠች። ለዚህ ፊርማዎ ያለኝን ምስጋና በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ ስለ ሰውየው አመሰግናለሁ። ሰፈሩ በስሙ አይጠራውም፤ ቢሮው የገባውን ሁሉ ገና ወንበር ሳይዝ «እፎይ በሉ» ስለሚል፣ ስሙ «እፎይ በሉ» ሆኖ ቀርቷል። የእህቴን ልጅም «እፎይ በይ እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ የባንኩ ራስ ምታት የኔ ራስ ምታት ነው» አላትና ውክልና አስፈረማት። ቀጥሎም ባንኩ ደጃፍ እንዳትደርስ አስጠነቀቃት። «ባንክ ውሻ ነው፤ ከሮጥሽ ይከተልሻል፣ ዓይን ዓይኑን ካየሽው ይነክስሻል» ብሎ። እሷም ከዚያ በኋላ ክር ለመግዛት እንኳን ስትወጣ ባንኩ ያለበትን መንገድ ትታ በጀርባ በኩል ትዞር ነበር።

ሁለተኛ፦ ስለ ሙያዊ ምክሩ አመሰግናለሁ። ባንኩ ገማች ይልካል፣ ቤቱ ካማረ ግምቱ ከፍ ይላል፣ ግምቱ ከፍ ካለ ባንኩ ጊዜ ይሰጣል፤ ስለዚህ አሳምሩት አለን። እንዲህ ተስተካክሎ የተሰፋ ውሸት የእህቴ ልጅ እንኳን በስፌት ዘመኗ አላጋጠማትም። ለራሷ ቀሚስ ያስቀመጠችውን ጨርቅ መጋረጃ አደረገችው። ልጆቹ መስኮት ወለወሉ። እኔ ከግድግዳው እስከ ግቢው በር ያለውን ሁሉ ቀባሁ። «እፎይ በሉ» ራሱ ፎቶ ሊያነሳ መጣና፣ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ሟቹ የልጆቹን ቁመት እየለካ በማርከር የጻፈውን ሲያይ ፊቱን አኮማትሮ «ይሄማ ይሸፈን፣ ድህነት ያስመስላል» አለኝ። ሸፈንኩት። ፎቶዎቹን ያየናቸው የሐራጁ ማስታወቂያ ላይ ነው፤ መጋረጃው በጣም ያምራል። ክቡር ሆይ፣ የሚታረድ በግ ይቀለባል ሲባል ሰምቻለሁ። በጉ ራሱ ታጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ቢላዋውን ስሎ ሲቀርብ ያየሁት ግን በእርስዎ ዘመን ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ ሐራጁ አመሰግናለሁ። «እፎይ በሉ» አዳራሹ ውስጥ ከገዢው ጎን ተቀምጦ ሳየው ወንበር ያጣ መስሎኝ፣ አጠገቤ ያለውን በመሐረቤ ጠራርጌ በእጄ ጠራሁት። አልመጣም። ቤቱ ከተሸጠ በኋላ የእህቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውሻው ቤት ገባች። የብድር ክፍሏ ሴትዮ ደንግጣ «የት ጠፍተሽ ነው እህቴ? ራሱ ቀርቦ ላነጋገረን ሰው እኮ መክፈያውን እናራዝማለን፤ ወኪልሽ ቤቱን እንደማትፈልጊው ነው የነገረን» አለቻት። ውሻው ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ጭራውን እየቆላ ሲጠብቃት ኖሯል። የእህቴ ልጅ አልጮኸችም። የሴትዮዋ እጅጌ ላይ የተመዘዘ ክር አየችና ከቦርሳዋ መቀስ አውጥታ ቆረጠችላት፤ አመስግናም ወጣች።

አራተኛ፦ ስለ አቤቱታ መስኮትዎ አመሰግናለሁ። እዚያ የተቀመጠው ሠራተኛ ጨዋ ሰው ነው፤ «አባባ፣ አቤቱታ ፈቃድ ባለው አማካሪ ተዘጋጅቶ ነው የሚቀርበው» አለኝ። ለሰፈራችን ፈቃድ ያለው ማን እንደሆነ ብጠይቀው፣ የነገረኝ የ«እፎይ በሉ»ን ስም ነው። ሌላ የለም። አህያ «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለች ይባላልና፣ እኔም ሄድኩ። ቅር ሳይለው ወንበር ሳበልኝ፣ እፎይ በሉ አለኝ፣ ክሱን በሙሉ በጥሞና አዳመጠኝና «በራሴ ላይ ስጽፍ አላዳላም አባባ፤ ለእርስዎማ ቅናሽ አደርጋለሁ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በጽሕፈት ቤትዎ ዙሪያ ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ሥራውን ከልቡ የሚወድ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

አሁን የእህቴ ልጅ ከነልጆቿና ከነስፌት መኪናዋ በእኔ አንድ ክፍል ውስጥ ናት። የሄደው ቤት እንደማይመለስ እናውቃለንና ቤት አልለምንዎትም። የምለምንዎ ያንን በፍሬም የተሰቀለ ፊርማ ከግድግዳው እንዲያወርዱት ብቻ ነው። ትናንት ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር፣ በሬን አንኳኩተው ቤታቸውን እንድቀባላቸው ጠየቁኝ። ምን ተገኘ ብላቸው፣ ፈገግ ብለው «እፎይ በሉ ተብያለሁ» አሉኝ። በእኛ የደረሰውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሰሙኝና «ሰውየው ግን ፊርማ አለው እኮ» አሉኝ። ቀለሙን ገዝተዋል። እኔ እምቢ ብላቸውም ሌላ ቀቢ አያጡም።

በአንድ አልጋ ጠርዝ ላይ ከተደረደሩት ቤተሰቦቼ ጋር ሆኜ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ጣሪያ ለሌለን ለእኛ መጠለያ እንዲሆነን የክቡርነትዎ ጥላ ይስፋ ይርዘም እያልኩ የምሰናበት፣

ውለታዎን የማይረሳው ቀለም ቀቢ

ማሳሰቢያ፦ ቤቱን የገዛው የባለቤትዎ ወንድም ነውና ምሳ መጋበዝዎ አይቀርም፤ ስለዚህ አንድ የሙያ ነገር ልንገርዎ። በማርከር የተጻፈ ነገር አስቀድሞ በዘይት ቀለም ካልታፈነ፣ ላዩ ላይ የተቀባውን የውሃ ቀለም እየሰረሰረ ይወጣል። የዘይት ቀለም ነበረኝ፤ ግን አልተጠቀምኩበትም። ለፎቶው ያህል ይሸፈን፣ ኋላ ለልጆቹ የአባታቸው ጽሕፈት ይመለስላቸው ብዬ ነበር። እንግዲህ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ የሁለት ልጆች ቁመት ቀስ እያለ ብቅ ሲል ካዩ አይደንግጡ፤ በውሃ ቀለም ደጋግመው ቢያስቀቡትም ደጋግሞ ይወጣል። ልኩን ግን አይመኑት። ልጆቹ ከዚያ ወዲህ አድገዋል፣ ማንበብም ችለዋል፤ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ስሕተቱን ያረሙልኝ እነሱ ናቸው።